«እምቢ የማይለውን ጥያቄ አቀርብለታለሁ»

ይህ አባባል ዛሬ ለማዳ ሆኗል። አንድ ክለብ ለተጫዋች ጠቀም ያለ ደሞዝ ሲያቀርብ «እምቢ የማይባል ጥያቄ መጣለት» ይባላል። ብሩ በዛ ለማለት ነው። መነሻው ላይ ግን ዋጋው ሲቀንስ ነው የምናየው።

አባባሉ ከማሪዮ ፑዞ ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 1969) ወጥቶ በ1972 በፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ጎድፋዘር» ፊልም ዓለምን ዞረ። ጎድፋዘር የክርስትና አባት ማለት ነው፤ የክርስትና ልጅ ችግሩን ይዞ የት እንደሚሄድ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሠርግ ነው። ማይክል ኮርሊዮኔ የወታደር ልብሱን እንደለበሰ ከፍቅረኛው ከኬይ ጋር ይበላል፤ ስለ አባቱ፣ ስለ ማፊያው አለቃ ዶን ቪቶም ያጫውታታል። አንድ የባንድ መሪ ዘፋኙን ጆኒን፣ የአባትየውን የክርስትና ልጅ፣ ከውል አልለቅም አለ። አባትየው 10,000 ዶላር ቢሰጡት እምቢ። በማግስቱ ገዳያቸውን ሉካ ብራሲን አስከትለው ሄዱ። ሰውዬው በ1,000 ዶላር ፈረመ፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሉካ ሽጉጥ ደግኖበት፣ አባትየው «ወረቀቱ ላይ ወይ ፊርማህ ወይ አንጎልህ ያርፋል» ብለውት ነበር።

ትርጉሙ እንግዲህ ይኸው ነው፦ ቃሉ የነጋዴ፣ ሥራው የወንበዴ።

ትንሽ ቆይቶ ጆኒ የፊልም ሚና ተከለከልኩ ብሎ ሲያለቅስ፣ ዶን ቪቶ ራሳቸው ያንን አባባል ይሉታል። ዶን ቪቶን የሚጫወተው ማርሎን ብራንዶ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ጠበቃቸው ሆሊውድ ሄዶ ከፕሮዲውሰሩ ጋር ራት ይበላል፤ ይከለከላል፤ ስለ ራቱ አመስግኖ ይወጣል። በነጋታው ፕሮዲውሰሩ አንሶላው ላይ ደም ያያል። ሲገልጠው፣ 600,000 ዶላር ያወጣበት የካርቱም ጭንቅላት እግሩ ሥር ተቀምጧል። (ካርቱም የፈረሱ ስም ነው።) ማን ቆረጠው? እንዴት ገቡ? ኮፖላ አያሳየንም። እኔን ከሰውዬው ጩኸት ይልቅ የሚያስፈራኝ የራቱ ምስጋና ነው።

ማይክል ያን ወሬ ለኬይ ሲጨርስ «ቤተሰቤ እንዲህ ነው፤ እኔ ግን አይደለሁም» ብሏት ነበር። ወደ ፊልሙ መጨረሻ ላስ ቬጋስ ይመጣል፣ የሞ ግሪንን ካዚኖ ሊገዛ። ወንድሙ ፍሬዶ «ሞ እኮ ስለ መሸጥ ምንም አልነገረኝም» ይለዋል። ማይክል ያችኑ የአባቱን ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። አሁን ሱፍ ለብሷል። ኬይም አጠገቡ የለችም።

ሞ ግሪን በኋላ መታሻ ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ በር ይከፈታል። ማን እንደገባ ለማየት መነጽሩን ያደርጋል። ጥይቱ የሚገባው በመነጽሩ መስታወት ነው።