የሒሳብና የስታቲስቲክስ የኦንላይን መማሪያዎች በሐዋሳ

የሒሳብና የስታቲስቲክስ የኦንላይን መማሪያዎች ሐዋሳ ያለው ተማሪና መምህር እጅ የሚገቡት በሦስት መንገድ ነው፤ በሞባይል ዳታ በቀጥታ፣ በቴሌግራም በሚዘዋወር ፋይል፣ ወይም አንዴ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ሶፍትዌር። ለክፍል ትምህርት የሚያዋጣው ሦስተኛው ነው። ማታ ኔትወርክ ሲጨናነቅም ሆነ ካርድ ሲያልቅ ትምህርቱ አይቋረጥም።

ልጆቹ በታችኛዎቹ ክፍሎች በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ ይማራሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ግን ሒሳብ በእንግሊዝኛ ነው። የኦንላይን መማሪያዎቹም አብዛኞቹ በዚያው ቋንቋ ናቸው። ብዙ ጊዜ ተማሪውን የሚጥለው ስሌቱ ሳይሆን ቃሉ ነው። ሦስት ሳንቲም ተወርውሮ «ቢያንስ ሁለት ዘውድ» የመውጣቱ ዕድል ከ8ቱ 4 ነው፤ «ቢበዛ ሁለት ዘውድ» ከተባለ ግን ከ8ቱ 7 ይሆናል። በእንግሊዝኛ «አት ሊስት» እና «አት ሞስት» የተምታቱበት ተማሪ ስሌቱን አሳምሮ ሠርቶ ነጥቡን ያጣል። ስለዚህ ቪዲዮ ከመክፈት በፊት አሥር አሥራ አምስት ቃል በአማርኛ ማፍታታት ይጠቅማል።

በቪዲዮ በኩል ታዋቂው ሳልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2008 ያቋቋመው ለትርፍ ያልቆመው ካን አካዳሚ ነው። ክፍያ የለውም፤ ከአጭር ማብራሪያ ቀጥሎ መልመጃ ይሰጣል፤ ሲሳሳቱም ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ዳታ ለመቆጠብ ጥራቱን ወደ 144 የሚያወርድ ብዙ ነው፤ በዚያ ጥራት ግን ከቁጥሩ ራስ ላይ የተጻፈችው ትንሿ 2 ከ3 አትለይም፤ 360 ላይ በደንብ ይነበባል። ምሳሌዎቹ የአሜሪካ ስለሆኑ ጫማና ኢንች፣ ባለ 52 የመጫወቻ ካርታ ይበዛባቸዋል። ካርታ ለማያውቅ ተማሪ የሐዋሳ ባጃጅ ይሻለዋል። መንገድ ዳር ቆሞ የ50 ባጃጆችን ታርጋ የመጨረሻ አኃዝ መመዝገብ ነው። ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች እኩል ዕድል ካላቸው እያንዳንዱ 5 ጊዜ ገደማ ይጠበቃል፤ ካይ ስኩዌሩ (የተመዘገበው ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው ቁጥር) በ9 የነፃነት ደረጃ (ከአኃዞቹ ብዛት አንድ ሲቀነስ) ከ16.92 ካላለፈ፣ በ5 በመቶ መመዘኛ እኩል አይደሉም የሚያሰኝ ማስረጃ የለም።

የቴሌግራም ፋይሎች ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሮጌውና የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በአንድ ቻናል ተደባልቀው ስለሚገኙ ከማውረድ በፊት ሽፋኑንና ማውጫውን ማየት ግድ ነው። የፈተና መልስ ብለው የሚዞሩት ወረቀቶችም ስሕተት አያጣቸውም፤ አሠራሩን ሳያሳይ ፊደል ብቻ የደረደረ መልስ ባይታመን ይመረጣል።

ያለ ኢንተርኔት አንድ ክፍል ለማስተማር ኮሊብሪ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ ጥሩ ዋይፋይ ባለበት ከካን አካዳሚ ትምህርቶች የሚፈለገው ምዕራፍ ብቻ ተመርጦ ይወርድበታል (ሙሉውን የካን አካዳሚ ክምችት አውርዳለሁ ያለ ሰው ዲስኩን ይሞላል)። ከዚያ ላፕቶፑ ኢንተርኔት ከሌለው ተራ የዋይፋይ ራውተር ጋር ይገናኛል፤ ተማሪዎች በስልካቸው ብሮውዘር የላፕቶፑን አድራሻ ጽፈው፣ መጨረሻው ላይ :8080 ጨምረው ይገባሉ። መምህሩ ጥያቄ አዘጋጅቶ ማን የቱ ላይ እንደተሰናከለ ያያል። የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው። ስልኩ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ ዳታውን ማጥፋት ነው። ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የላፕቶፑ አድራሻ ይቀየራል፤ ቋሚ አድራሻ መስጠት ይገባል። የላፕቶፑ ክዳን ከተከደነ ደግሞ ማሽኑ ይተኛና ክፍሉ ሁሉ ይቋረጣል።

ለግራፍና ለጂኦሜትሪ ማርኩስ ሆሄንዋርተር እ.ኤ.አ. በ2001 በዛልትስቡርግ የጀመረው ጂኦጀብራ አለ፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። የተለመደው መደናገሪያ ማዕዘን ነው፤ ሳይን 30 ጽፎ 0.5 የጠበቀ ተማሪ −0.988 ይወጣበታል። ፕሮግራሙ 30ን ዲግሪ ሳይሆን ራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) ብሎ ስለወሰደው ነው፤ የዲግሪ ምልክቷን መጨመር ብቻ ይበቃል።

ስታቲስቲክስ ላይ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ኤስፒኤስኤስ የተባለው የሚከፈልበት የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር በፍላሽ እየተቀዳ ይዞራል፤ ፍላሹ ቫይረስም ይዞ ይመጣል። በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የፈጠሩት፣ በኮድ የሚሠራው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም «አር» ነፃ ነው፤ የተረጋጋው የመጀመሪያ ዕትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ኮድ ለሚፈራ ጃሞቪ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በመዳፊት ጠቅታ ይሠራል። አርን ያለ ኔትወርክ ለመጠቀም ፓኬጆቹን (ተጨማሪ ሥራ የሚያሠሩ ቅጥያዎቹን) አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል፤ አንዱ ፓኬጅ ሌሎችን ስለሚጠራ ግን ጥገኞቹ አብረው ካልወረዱ አይነሣም።

ከሶፍትዌሩ ይልቅ የሚያለፋው ዳታው ነው። የሕዝብ ቆጠራ ሠንጠረዦች በነፃ ይገኛሉ፤ ላያቸው ላይ 2007 ተብሎ የተጻፈው የፈረንጅ ዓመት፣ በእኛ 1999 ዓ.ም. መሆኑን ያልተገነዘበ ተማሪ የዕድገት ስሌቱን በስምንት ዓመት ያዛባል። በዚያ ቆጠራ ሐዋሳ 258,808 ሕዝብ ነበራት፤ 133,123 ወንድና 125,685 ሴት። ይህ በዙሪያዋ ያሉ የገጠር ቀበሌዎችን ይጨምራል፤ ከተማው ብቻ ሲወሰድ ወደ 157 ሺህ ይወርዳል። ሁለቱን ቁጥሮች እያምታቱ መቶኛ ማውጣት የተለመደ ነው።

በራስ የሚሰበሰብ ዳታም የራሱ ወጥመድ አለው። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ የአሥር ዓሣ ርዝመት ተለክቶ 18፣ 19፣ 20፣ 20፣ 21፣ 21፣ 22፣ 23፣ 24 እና 52 ሴንቲ ሜትር ተመዘገበ እንበል። አማካዩ 24 ነው፤ ሚዲያኑ (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው) 21። ዘጠኙ ቆሮሶ ሆነው አንዱ አምባዛ ስለተቀላቀለባቸው ነው። አምባዛው ሲወጣ አማካዩ ወደ 20.9 ይወርዳል፣ ሚዲያኑ ግን ንቅንቅ አይልም። መዝገቡ ላይ የዓሣው ዓይነት የሚጻፍበት ዓምድ ከሌለ ይህን በኋላ ማንም ሊያርመው አይችልም።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኤክሴል የእኛን ካሌንደር ስለማያውቅ ጥቅምት 30 ተብሎ የገባ 30/2 ለእሱ ፌብሩዋሪ 30፣ የሌለ ቀን፣ ነውና ተራ ጽሑፍ ሆኖ ወደ ግራ ይጠጋል፤ ጥቅምት 10 (10/2) ግን እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ፌብሩዋሪ 10 ወይም ኦክቶበር 2 ሆኖ በዝምታ ያልፋል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች ወይ አትታወቅም ወይ ቀንና ወሯ ተገለባብጦ ይነበባል። ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፉ፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚለወጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዓመቱ ላይ እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ይደመራል።