የሙስና ቅጣትና የሕዝብ አመለካከት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች በሥልጣንና በገንዘብ የሚፈጽሙት ወንጀል በአብዛኛው ሙስና ተብሎ ይጠራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የቆየ አባባል ሕዝቡ ሙስናን እንደሚታገሥ ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ሆኖም በ1966 ዓ.ም. አብዮት ጎልተው ከተሰሙት ጥያቄዎች አንዱ ሹማምንቱ በሕግ ይጠየቁ የሚል ነበር። የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ሥራውን ሳይጨርስ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ።

የዛሬውን አመለካከት ይበልጥ የቀረጸው 1993 ዓ.ም. ነው። በገዢው ፓርቲ ውስጥ መከፋፈል በተፈጠረ ማግሥት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ፤ በዚያው ዓመት የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235 ተቋቋመ። ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ተጠርጣሪው በዋስ እንዲለቀቁ ሲያዙ ፖሊስ ወዲያውኑ መልሶ ያዛቸው፤ በቀናት ውስጥም የሙስና ተጠርጣሪዎችን ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። ያ ትእዛዝ የአገራችን ዳኝነት ከሚኮራባቸው ውሳኔዎች አንዱ ነው። መንግሥት ክሱ ፖለቲካዊ አይደለም ቢልም ብዙ ሰው አላመነውም፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ባለሥልጣን በሙስና ሲታሰር የሕዝቡ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ሰረቀ?» ሳይሆን «ከማን ጋር ተጣላ?» የሚል ሆኗል።

ቀጥሎ የመጡት ጉዳዮች ይህን ጥርጣሬ አላስወገዱትም። በ2005 ዓ.ም. የታሰሩት የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ በ2010 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. የመንግሥት ድርጅት የሆነው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ኃላፊ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ሲታዩ ብዙዎች የዘገየ ፍትሕ ነው ብለው ደስ ተሰኙ፤ የትግራይ ክልል አመራር ግን ዘመቻው በአንድ ሕዝብ ላይ ያነጣጠረ ነው ሲል ተቃወመ። ሰው ገና ሳይፈረድበት በካቴና ለሕዝብ ማሳየት፣ ተከሳሹ ማንም ይሁን፣ ተገቢ አይደለም።

ሕዝቡ ከእስራቱ ርዝመት ይልቅ አጥብቆ የሚጠይቀው «ገንዘቡስ የት ደረሰ?» የሚለውን ነው። የባለሥልጣናት ሀብት እንዲመዘገብ የሚያዝ አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ተቋቁሟል። ጉዳይ ለማስፈጸም በየቢሮው የሚንገላታው ባለጉዳይ ግን የሚጠብቀው የታችኛው ሠራተኛ ሲጠየቅ አለቃውም አብሮ ሲጠየቅ ማየትን ነው።