ገና በሙቀት፦ በአውስትራሊያ ከቤተሰብ ርቆ የሚውል በዓል

ከምድር ወገብ በስተደቡብ ባሉ አገሮች ዲሴምበር 25 የሚከበረው የልደት በዓል የሚውለው ፀሐይ በምትከርበት፣ ቀኑም በሚረዝምበት ሰሞን ነው። ምድር 23.5 ዲግሪ ያህል አዘንብላ ስለምትዞር በዚያ ወር ደቡቡ ክፍል ወደ ፀሐይ ያጋድላል፤ ሜልበርን ላይ ጀንበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። አርጀንቲናም፣ ደቡብ አፍሪካም፣ ኒውዚላንድም ያው ነው። እዚህ የምናየው ግን የአውስትራሊያውን ነው፤ አንድም በዓሉ ከሙቀቱ ጋር እንዴት እንደተስማማ በደንብ የሚታየው እዚያ ስለሆነ፣ አንድም የኛ ሰው እዚያ ሁለት ገና ስለሚያሳልፍ።

የእንግሊዝ እስረኞችን የጫኑት መርከቦች ሲድኒ ላይ የሰፈሩት ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሰፋሪዎቹ የመጀመሪያ ገናቸውን ያሳለፉት በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር። እነሱና ከነሱ በኋላ የመጡት የብርድ አገር በዓል ይዘው መጡ፦ በምድጃ የተጠበሰ ሥጋ፣ በእንፋሎት የበሰለ ከባድ ፑዲንግ፣ በረዶ የተሳለበት የመልካም ምኞት ካርድ። ይህ ልማድ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በየገበያ አዳራሹ የገና አባት ወፍራም ቀይ ካፖርቱን እንደለበሰ ይቀመጣል፤ ውጭ ያለው ሰው ግን በቁምጣና በነጠላ ጫማ ነው። ማዕዱ ቀስ በቀስ ተለውጧል። ቀዝቃዛ ሃም፣ ሽሪምፕ፣ ማንጎ፣ ቼሪ፣ በጓሮ የሚጠበስ ባርቢኪው፣ በመጨረሻም በሩሲያዊቷ ባለሪና በአና ፓቭሎቫ ስም የተሰየመው ክሬምና ፍራፍሬ የተጫነበት ፓቭሎቫ ይቀርባል። ፓቭሎቫን ማን ቀድሞ ሠራው በሚለው ላይ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ እስካሁን አልታረቁም። ኒውዚላንዶች በበኩላቸው ጥድ ሳይቆርጡ የገና ዛፍ አላቸው፦ በዲሴምበር ቀይ አበባ የሚለብሰው ፖሁቱካዋ።

ከሙቀቱ ውጭ ሊታሰብ የማይችለው ልማድ ግን የሻማ መዝሙር ነው። በ1937 ኖርማን ባንክስ የተባለ የሜልበርን ሬዲዮ አቅራቢ ሌሊት ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ አንዲት አሮጊት በመስኮታቸው አጠገብ ሻማ አብርተው ከሬዲዮ የሚሰማውን የገና መዝሙር ለብቻቸው አብረው ሲዘምሩ አየ ይባላል። ብቸኛ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ቢዘምርስ ብሎ በ1938 በከተማው መናፈሻ የመጀመሪያውን ዝግጅት አሰናዳ። ዛሬ ዲሴምበር 24 ምሽት ሲድኒ ማየር ሚውዚክ ቦውል በተባለው ክፍት መድረክ ሕዝቡ ሣር ላይ ተቀምጦ ይዘምራል፤ በቴሌቪዥንም ይተላለፋል። ለንደን ላይ በዚያ ወር ሌሊቱን ሣር ላይ ልቀመጥ የሚል የለም።

በማግስቱ፣ ዲሴምበር 25፣ ከተማው ጭር ይላል። ሱቅ ይዘጋል፤ ሁሉም ወደ ዘመዱ ቤት ይሄዳል። ዘመድ የሌለው ጎልቶ የሚታየው ያን ቀን ነው። ከነዚህም መካከል አውስትራሊያ በ1975 በጀመረችው እየሠሩ የመዝናናት ቪዛ የሚመጡ ወጣት እንግሊዞች፣ አይሪሾችና ሌሎች አውሮፓውያን አሉ። ሲድኒ ያሉት ቦንዳይ በተባለው የባሕር ዳርቻ ይሰበሰባሉ፤ ከዋና ልብሳቸው ጋር የገና አባትን ቀይ ቆብ ደፍተው አሸዋው ላይ ፎቶ ይነሣሉ። ፎቶው ለቤተሰብ ማስቀኛ ነው፤ ለንደን በ11 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ግን እናት የምታየው እነሱ በፀሐይ ተለብልበው ወደ ቤት ሲገቡ ነው። ዲሴምበር 26 ደግሞ የስፖርት ቀን ነው፦ በሜልበርን ክሪኬት፣ ከሲድኒ ወደ ሆባርት ደግሞ ከ1945 ጀምሮ የሚካሄደው የጀልባ ውድድር።

ሙቀቱ ሁልጊዜ የፖስትካርድ ሙቀት አይደለም። በ1974 ከገና ዋዜማ ወደ ገና በሚያሸጋግረው ሌሊት ሳይክሎን ትሬሲ የተባለው አውሎ ነፋስ የዳርዊንን ከተማ አፈራረሰ፤ 66 ሰው ሞተ፣ ከነዋሪውም ከ30 ሺህ በላይ የሚሆነው ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ። ብዙው ሰው በበዓሉ ዝግጅት ተጠምዶ፣ በዚያው ወር ሌላ ማዕበል ሳይነካቸው በማለፉም ተዘናግቶ ነበር። በ2015 የሜልበርን መገኛ በሆነው በቪክቶሪያ ግዛት፣ ዋይ ሪቨር አካባቢ ከቀናት በፊት የተነሣ የጫካ እሳት በዚያው በገና ዕለት 116 ቤት በላ። በ2006 ደግሞ በተቃራኒው፣ የዚያው ግዛት ጫካ ለሳምንታት ሲነድ ከርሞ፣ በገና ቀን ተራሮቹ ላይ በረዶ ወረደ። ሜልበርኖች ከተማቸው በአንድ ቀን አራቱንም ወቅት ታሳያለች የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያውያኑ እንምጣ። ብዙዎቹ በሜልበርን፣ በተለይም በምዕራባዊው ክፍል ይኖራሉ፤ ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር ኒኮልሰን መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤትና ቡና ቤት ተደርድሯል። እንግሊዛዊውን የሚገርመው በበጋ የሚውል ገና እኛን ያን ያህል አይገርመንም። በረዶ ናፍቆን አያውቅም፤ አዲስ አበባ ጥዱ ላይ ጥጥ የምንበትነው ከፈረንጅ ፊልም አይተን ነው። በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 26 በጋ ይገባል፣ በ29 ገና ይውላል። እንዲያውም ወቅቱን በአማርኛ ለመጥራት ከአውሮፓ ይልቅ አውስትራሊያ ትቀላለች፦ በታኅሣሥና በጥር በጋ፣ በሐምሌ ብርድና ዝናብ። የሚጎድለው የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው። ጋቢ ተከናንቦ፣ ትንፋሹ እየጨሰ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ሙቀቱ 30 ዲግሪ በሆነ ምሽት ነጠላውን ሲያጣፋ ገና አይመስለውም። ሽታው ግን ያሳስታል። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ አዲስ አበባን ያለበሰው ነጭ ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ ታዝማኒያና ቪክቶሪያ ነው። ከዝናብ በኋላ የሜልበርን መናፈሻ እንጦጦን ይሸታል።

ሁለቱን ገናዎች የሚለያያቸው 13 ቀን ነው። ዲሴምበር 25 በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 16 ስለሚሆን፣ ኅዳር 15 የተጀመረው የነቢያት ጾም 32ኛ ቀኑ ላይ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ የዓመት መጨረሻ ግብዣ ሲያዘጋጅ ሐበሻው ሃሙንና ክሬሙን አልፎ ሰላጣ ይዞ ይቀመጣል፤ በየዓመቱም ለምን እንደማይበላ ያስረዳል። ከዚህ የሚገኝ ጥቅምም አለ። በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በታክሲ የሚሠሩ ብዙዎች የዲሴምበር 25ን ሺፍት ይወስዳሉ፤ የሕዝብ በዓል ክፍያው ከመደበኛው እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ የተቀያየሩትም ባልደረባ ጃንዋሪ 7 ቀን ስለሚተካቸው። ያ ቀን በአውስትራሊያ ተራ የሥራ ቀን ነው። የልጆች ትምህርት ቤት ግን በረጅሙ የበጋ ዕረፍት ላይ ስለሆነ ቢያንስ ልጆቹ ቤት ናቸው። በዕለቱ ሩሲያው፣ ሰርቡ፣ መቄዶንያውና ግብጻዊው ኮፕት አብረው ያከብራሉ፤ በሜልበርን በቁጥር የሚበዛው ግሪክ ግን ኦርቶዶክስ ሆኖ ሳለ ከፈረንጆቹ ጋር በ25 አክብሮ ጨርሷል።

የዝግጅቱ ጣጣ ከሙቀቱ ጋር ነው። ሊጥ ቶሎ ስለሚቦካ እንጀራው እንዳይኮመጥጥ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። በግ ማረድ የለም፤ ሥጋው ከልኳንዳ ይገዛል። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ለሰዓታት ሲቁላላ ቤቱ ይግላል፣ መስኮት ሲከፈት ደግሞ ሽታው ጎረቤት ይገባል። የእሳት አደጋ ስጋት ከፍ ብሎ ቶታል ፋየር ባን ከታወጀ በጓሮ ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት ያስቀጣል፤ ጀበናው ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ይዛወራል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚባልለት ጨዋታ ግን ከዱላና ከጥንጉ ሌላ የሰፈር ልጅ ይፈልጋል፤ እዚያ የተወለዱት ልጆች ክሪኬቱን ያውቁታል።

ቅዳሴው ዋዜማ ማታ ተጀምሮ ሌሊቱን ያልቃል። ሜልበርን በበጋ ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ትቀድማለች። ምእመናኑ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ጾም ሲፈቱ፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ እናት ገና ጾመኛ ናት፣ ነጠላዋን አዘጋጅታ ለቅዳሴ ልትወጣ ነው። ልጅ የዶሮ ብልት ይዞ ደውሎ እንኳን አደረሰሽ ይላታል። መልሱ በየቤቱ አንድ ነው፦ «ገና ነው እኮ፣ ገና አልደረሰም!»