«በዕጣ ተመደበ» ማለት ምን ማለት ነው?

ደጋግማችሁ የጠየቃችሁት ነው፦ ልጄ ለጥናት በዕጣ ከተመደበ ሳይታከም ይቀራል ማለት ነው? አይደለም። በሕክምና ጥናት ውስጥ የትኛው ልጅ የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ በዕጣ የሚወሰነው የትኛው መንገድ እንደሚሻል ሐኪሞቹም እርግጠኛ ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውን የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ጥናት ተመልከቱ። ከ3,000 በላይ በጽኑ ትኩሳት የታመሙ ልጆች ነበሩበት። ሁሉም መድኃኒታቸውን አገኙ፤ በዕጣ የተለየው በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠቱ ብቻ ነበር። ብዙዎቻችን ፈሳሹ ቶሎ የተለቀቀለትን ልጅ ዕድለኛ ባልነው! በ48 ሰዓት ውስጥ ግን ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከመቶ ከ10 በላይ ሞቱ፣ ካልተሰጣቸው 7 ገደማ። ልብ ይሰብራል፤ ያለ ዕጣው ግን ጉዳቱ አይታወቅም ነበር።

ወላጅ በፈለገ ጊዜ ልጁን ከጥናቱ ማስወጣት ይችላል፣ መደበኛ ሕክምናውም አይቋረጥበትም። ልጁ ራሱ «እሺ» እንዲል የሚጠየቅበት ዕድሜ ግን እንደየአገሩ ይለያያል፤ የፈቃድ ቅጹን ሳታነቡ አትፈርሙ።