ሰመር ስኩልና ክሬዲት፦ ጎንደር ላይ የምንሰማውና እውነታው

ከማራኪ እስከ አዘዞ፣ ዘጠነኛ ወይም አስረኛ ክፍል ላይ ከዚህ ተነስቶ አሜሪካ የገባ ልጅ ያለው ቤት ብዙ ነው። አባት ወይም እናት ቀድመው ሄደው ይወስዱታል። ሰኔ ሲደርስ ታዲያ ስልክ ይደወላል፦ «ሰመር ስኩል ግባ ብለውኛል»፤ የክረምት ትምህርት ማለቱ ነው። ቤቱ ይረበሻል። አያት ታዝናለች፣ አጎት ይቆጣል፣ ጎረቤቱም የሰማውን ጨምሮ ያወራል።

እኔ እዚሁ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ልጃቸው ሊሄድ ሲል ማስረጃ የሚያወጡ ወላጆችም፣ ከሄደ በኋላ ግራ የገባቸውም ይጠይቁኛል። ከምሰማው አብዛኛው የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም የነሱን ትምህርት ቤት በእኛው እንለካዋለን። እስኪ አንድ በአንድ እንየው። መጀመሪያ ግን ይህን ያዙልኝ፦ አሜሪካ ውስጥ ደንቡን የሚያወጡት ግዛቱና የትምህርት ወረዳው ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩና ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ዋናው አሠራር ግን ይመሳሰላል።

«ሰመር ስኩል ግባ ከተባለ ክፍል ወድቋል ማለት ነው»

አይደለም። ይህ አባባል ብዙ ልጅ ስላስለቀሰ ረዘም አድርጌ ልናገር።

እኛ ጋ የዓመቱ ውጤት በአማካይ ይታያል። ካልሞላ ልጁ ክፍሉን በሙሉ ይደግማል፤ ሒሳብ ላይ የወደቀው ልጅ 85 ያመጣበትን ባዮሎጂም አብሮ ይደግማል። እዚያ ሃይስኩል ውስጥ እንደዚህ አይደለም። የሚቆጠረው እያንዳንዱ ትምህርት ለብቻው ነው። ልጁ አንድ ትምህርት ሲያልፍ ለዚያ ትምህርት ክሬዲት ይያዝለታል፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚሰጥ ትምህርት ብዙ ቦታ 1፣ ለአንድ ሴሚስተር ደግሞ 0.5። እነዚህ ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ይጠራቀሙና የተወሰነ ቁጥር ሲሞላ ይመረቃል። ዋሽንግተን ዲሲ 24 ክሬዲት ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ ለመደበኛው ዲፕሎማ 22፣ ከፍ ላለው 26። ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ግዛትም 24 ነው። (ጎንደር ላይ «ዋሽንግተን ነው ያለው» ሲባል የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ ሁለቱ የአገሩ ተቃራኒ ጫፍ ላይ ናቸው፣ የክሬዲቱ ቁጥር ቢገጥምም ደንባቸው የተለያየ ነው።)

ስለዚህ ልጁ አልጀብራ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ቢወድቅ የጎደለው 0.5 ነው። ክረምት ላይ የሚማረው ያንኑ ነው፤ ሌላው ትምህርቱ አይነካም።

ደግሞ ምንም ሳይወድቅም ሊገባ ይችላል። ከዚህ የሄደ ልጅ የአሜሪካን ታሪክ ተምሮ አያውቅም፣ የአሜሪካን መንግሥት አወቃቀርም እንደዚሁ። ዲሲ ሁለቱንም ለመመረቅ ግዴታ አድርጋለች፣ የከተማዋን የራሷን ታሪክም ጭምር። አስራ አንደኛ ክፍል ገብቶ ይህን ሁሉ በመደበኛው ጊዜ ብቻ ለመጨረስ የሚታገል ልጅ አንዱን ወደ ክረምት ቢያወጣው ትንፋሽ ያገኛል። የወደቀውን የሚያካክሰው አንዱ ዓይነት ነው፣ አዲስ ክሬዲት የሚይዘው ሌላ። ልጁ ሲደውል «ወደቅህ?» ከማለታችን በፊት «የትኛው ነው?» እንበለው።

«ክሬዲት ማለት ውጤት ነው»

ክሬዲት ትምህርቱን ተምሮ ማለፉን ያሳያል፣ በስንት እንዳለፈ አይናገርም። በዲ ያለፈም በኤ ያለፈም የሚያገኘው ክሬዲት እኩል ነው። ልዩነቱ የሚታየው በአማካይ ነጥቡ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮሌጅ ሲያመለክት ይፈለጋል።

የክሬዲቱ መነሻ ሰዓት ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የካርኔጊ የማስተማር ተቋም ካስፋፋው ልማድ የመጣ ነው፤ አንድ ትምህርት በዓመት ወደ 120 ሰዓት ከተሰጠ አንድ ሙሉ ይባላል። ቨርጂኒያ 140 ሰዓት ትላለች። 120 የሚለውን ቁጥር ያዙት፣ ቀጥሎ ይጠቅመናል።

«ቀለል ያለ የክረምት ትምህርት ነው፣ ቢቀርም ችግር የለውም»

እዚህ ሐምሌና ነሐሴ የምንሰጠው ማጠናከሪያ ነው። ዝናቡ ከበረታ ግማሹ ተማሪ ይቀራል፣ ማንም አይቆጣም፣ ካርድ ላይም አይጻፍም። እዚያ ያለውን በዚህ ያሰቡት ሰዎች ናቸው ልጁን የሚያሳስቱት።

እስኪ እናስላው። 0.5 ክሬዲት በ120 ሰዓቱ ስሌት 60 ሰዓት ነው። ልጁ በቀን አራት ሰዓት ቢማር 15 ቀን ይፈጃል። በመደበኛው ጊዜ አንድ ሴሚስተር 90 ቀን ያህል ነው፤ ስለዚህ ክረምት ላይ አንድ ቀን የቀረ ልጅ በመደበኛው ከአንድ ሳምንት በላይ የቀረ ያህል ያመልጠዋል። ለዚህ ነው ብዙ ቦታ ሁለት ሦስት ቀን የቀረን ልጅ ከመዝገብ የሚያወጡት። ማርፈድንም ይቆጥራሉ።

እዚህ ላይ ወላጆችን አደራ የምለው ነገር አለ። ሐምሌ ልጁ ጎንደር የሚመጣበት ወር ነው። አያት ናፍቃለች፣ በግ ተገዝቷል፣ ቲኬቱም በቅናሽ ተገኝቷል። ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት ግን የሰመር ስኩሉን መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ጠይቁ። አብዛኛው ሰኔ አጋማሽ ወይም መጨረሻ ላይ ይጀምርና ሐምሌ ውስጥ ያልቃል። ልጁ ጨርሶ ቢመጣ ፍልሰታን እዚህ ይጾማል፤ በመሃል ቢመጣ ግን ክሬዲቱም ይቀራል፣ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።

«ኦንላይን ከሆነ ጎንደር ሆኖም ይጨርሰዋል»

አንዳንዱ ወረዳ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም። ቢፈቅድም የማጠቃለያ ፈተናውን በአካል ቀርቦ እንዲወስድ የሚጠይቅ አለ። መምህር በሰዓቱ የሚገኝበት ክፍል ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን አስቡት፦ በክረምት የዲሲና የእኛ ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው፣ የሲያትል አስር። ዲሲ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲጀምር እዚህ ከቀኑ አስር ሰዓት ነው። ሲያትል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚህ መሽቷል፣ አስራ ሁለት ሰዓት ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥ፣ ኃላፊነቱ የልጁ ነው።

ኦንላይን ቀላል ነው የሚሉትም ተሳስተዋል። ማንም ሳይቀሰቅሰው ኮምፒውተሩ ፊት በየቀኑ አራት ሰዓት የሚቀመጥ የ16 ዓመት ልጅ ስንት አለ? እንግሊዝኛው ገና ያልበረታ ልጅማ ከመምህር ጋር ፊት ለፊት ቢማር ይሻለዋል ባይ ነኝ። ኳስ የሚጫወት ወይም የሚሮጥና በስፖርት ኮሌጅ እገባለሁ የሚል ልጅ ካላችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ ከመምህር ጋር ግንኙነት የሌለበትን ኦንላይን ትምህርት አይቀበልም። ትምህርት ቤቱ ክሬዲት ሰጠ ማለት ኤንሲኤኤም ተቀበለ ማለት አይደለም።

«ሰመር ከተማረ ኤፉ ይሰረዛል»

ኤፍ የመውደቂያው ውጤት ነው፤ መሰረዙ እንደ ወረዳው ነው። አንዱ አዲሱን ውጤት ይተካል፣ ሌላው ሁለቱንም አቆይቶ አማካይ ይሠራል፣ ሌላው ደግሞ ኤፉን እንዳለ ትቶ ክሬዲቱን ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ ልጁ «ተስተካከለ» ሲላችሁ ማስረጃው ላይ ምን እንደተጻፈ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

«ሁለት ክረምት ከተማረ አንድ ዓመት ይዘላል»

በአንድ ክረምት የሚያዘው ብዙ ጊዜ 0.5 ወይም 1 ነው፣ ቢበዛ 2። በመደበኛው ዓመት ደግሞ 6 ወይም 7 ይያዛል። ሒሳቡ አይገናኝም። እርግጥ ክሬዲት ጎድሎት አስረኛ ተብሎ የተመዘገበ ልጅ የጎደለችውን ሞልቶ መስከረም ላይ አስራ አንደኛ ሊባል ይችላል። ያ ግን መዝለል አይደለም።

«ጎንደር የተማረው እዚያ አይቆጠርም»

ይህ ከሁሉም የሚያናድደኝ ነው፤ ሰዎች አምነውት ማስረጃ ሳይዙ ይሄዳሉና። ይቆጠራል! ያውም ብዙው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ ሁሉ ወደ ክሬዲት ይቀየራል፣ ማስረጃው በሥርዓቱ ከቀረበ። ካልቀረበ ግን ልጁ እዚህ ተምሮ የጨረሰውን ኬሚስትሪ እዚያ ክረምቱን ሙሉ እንደገና ሊማር ነው። የሚያስፈልገው ዘጠነኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ያለው ነው፤ የስምንተኛ ካርድ ክሬዲት አያስቆጥርም።

ትራንስክሪፕቱን (የውጤት ማስረጃውን) ስታወጡ የምታዩትን ልንገራችሁ። ፎቶው አለ፣ ማህተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል። ጥሩ። አሁን ዓመተ ምህረቱን ተመልከቱ። «9ኛ ክፍል፣ 2015» ብቻ ከሆነ አስተካክሉት፤ የአሜሪካው ሠራተኛ በራሱ አቆጣጠር ያነበውና ልጁ በሰባት ዓመቱ ዘጠነኛ ክፍል የተማረ ይመስለዋል። 2015 ዓ.ም. ከሚለው አጠገብ 2022/23 እ.ኤ.አ. ተብሎ ይጻፍ። ቀጥሎ የማለፊያ ነጥቡ፦ እኛ ጋ 50 ማለፊያ ነው፣ ቴክሳስ ግን 70 ካላመጣ አያልፍም። 62 ያመጣ የጎንደር ልጅ እዚህ አልፏል። ማስረጃው ላይ «ማለፊያ 50» የሚል መስመር ከሌለ 62ቱን እንደ ውድቀት የሚያነብ ሰው ሊገጥመው ይችላል። የስሙ አጻጻፍም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆን አለበት፣ አያቱንም ጨምሮ። ይህን ሁሉ ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ። ከሄዱ በኋላ በውክልና ማስወጣት ወራት ይፈጃል፣ ክረምትም ያልፋል።

በኮሮናም ሆነ በጸጥታው ችግር ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ካለ፣ ክፍተቱን አትደብቁ። ለምን እንደተቋረጠ ለካውንስለሩ ይነገረው። ካውንስለር እዚያ የልጁን ክሬዲት የሚቆጥርለትና ትምህርት የሚመድብለት ሰው ነው። ክፍተቱን ካወቀ ክረምቱን ለዚያ ያቅድለታል።

አንድ ደስ የሚል ነገርም አለ። በአንዳንድ ቦታ ልጁ አማርኛውን በፈተና አስመስክሮ የቋንቋ ክሬዲት ያገኝበታል፣ ሲያትል አካባቢ ይህ ተለምዷል። ክረምቱን ስፓኒሽ ልማር ከማለቱ በፊት ይጠይቅ። አማርኛ ማንበብና መጻፉን የረሳ ልጅ ግን ፈተናው ላይ ይቸገራል፣ በስልክ ስታዋሩት ቴክስቱንም በፊደል እንዲጽፍላችሁ አድርጉ።

«ወረቀቱ ገና ከሆነና እንግሊዝኛ ካልቻለ አይቀበሉትም»

የመንግሥት ትምህርት ቤት በኢሚግሬሽን ሁኔታው ምክንያት ልጅን መከልከል አይችልም፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. ወስኖታል። እንግሊዝኛ ላልቻለ ተማሪም ትምህርት ቤቱ እገዛ ማድረግ አለበት፣ ያም በ1974 እ.ኤ.አ. የተወሰነ ነው። ወላጅ ደግሞ ስብሰባ ሲጠራ አስተርጓሚ ይጠይቅ። ብዙ አባት ዝም ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ፈርሞ ይመለሳል፣ ወይ ልጁ ራሱ ያስተረጉምለታል። ይህ አያዋጣም፤ የወደቀ ልጅ ስለ ውድቀቱ ለአባቱ እንዴት አድርጎ ይተረጉማል? ዲሲ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፣ አማርኛም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

«ነፃ ነው» እና «በጣም ውድ ነው»

ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። የወደቀውን ለማካካስ ብዙ ወረዳ ነፃ ነው ወይም በትንሽ ክፍያ። አዲስ ክሬዲት ለመያዝ ሲሆን የሚያስከፍሉ አሉ፣ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ግን ቅናሽ ይደረጋል። ሳትጠይቁ ከዚህ ገንዘብ ለመላክ አትጨነቁ።

«ሰመር የሚባለው ሁሉ ክሬዲት ይሰጣል»

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ክረምት ክረምት እየመጡ ዲግሪያቸውን የሚማሩ መምህራንን ስላየን፣ «ሰመር» ሲባል ሁሉም የሚያስቆጥር ይመስለናል። አሜሪካ ውስጥ ግን የክረምት ፕሮግራም የሚባለው ብዙ ነው፤ ካምፕ አለ፣ እንግሊዝኛ ማለማመጃ አለ፣ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለሃይስኩል ልጆች በብዙ ሺህ ዶላር የሚያዘጋጁት አለ። ጥሩ ጥሩ ነገር ይማሩበት ይሆናል፤ ክሬዲት ግን ብዙዎቹ አይሰጡም። የሚሰጡትም ቢሆኑ የልጁ ትምህርት ቤት ካልተቀበለው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የትኛውም ቦታ ከመመዝገቡ በፊት ልጁ ካውንስለሩን በኢሜይል እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «ይህን ትምህርት እዚህ ብወስድ ስንት ክሬዲት ትይዙልኛላችሁ? በየትኛው ትምህርት ስም?» መልሱ በጽሑፍ ሲመጣ ገንዘቡ ይከፈል።