የጨርቅ ማቅለሚያን ከውሃ የሚያስወግዱ የብረታ ብረት ኦክሳይድ ናኖኮምፖዚቶች

ናኖኮምፖዚት የተለያዩ ቁሶች የተዋሃዱበት፣ ቢያንስ የአንደኛው ቅንጣት ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ቁስ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ከመዳብ ኦክሳይድ ጋር፣ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከብረት ኦክሳይድ ጋር ሲጣመር ማቅለሚያን ከውሃ ያስወግዳል። በአራት ኪሎ ዙሪያ ለሚኖር ሰው ነገሩ ቅርብ ነው፤ ግንፍሌና ቀበና የከተማውን ፍሳሽ ይዘው ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳሉ፣ ከዚያም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይገባሉ።

የናኖኮምፖዚቱ ዱቄት በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ማቅለሚያውን ወለሉ ላይ መያዝ ነው። የዚንክ ኦክሳይድ ወለል ከፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 9 ገደማ በታች ፖዘቲቭ ስለሆነ ኔጋቲቭ የሆነውን ቀይ ማቅለሚያ ኮንጎ ሬድን ይስባል፣ ራሱ ፖዘቲቭ የሆነውን ሰማያዊ ማቅለሚያ ሜቲሊን ብሉን ግን ይገፋል። ሁለተኛው በብርሃን ማፍረስ ነው፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር ኤሌክትሮን ያስለቅቃል፣ ኤሌክትሮኑና ትቶት የሄደው ባዶ ቦታ ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሆነው ማቅለሚያውን የሚሰባብሩ ራዲካሎች (እጅግ ንቁ ቅንጣቶች) ይፈጥራሉ። ኤሌክትሮኑና ባዶ ቦታው ተመልሰው ከተገናኙ ኃይሉ በከንቱ ይባክናል። መዳብ ኦክሳይድ የሚጨመረው ይህን መገናኘት ለማዘግየትና የሚታየውንም ብርሃን ለመጠቀም ነው።

የዚንክና የመዳብ ኦክሳይዱን ናኖኮምፖዚት በማዝቀጥ ዘዴ ለማዘጋጀት 5.65 ግራም ዚንክ ናይትሬት ሄክሳሃይድሬትና 0.24 ግራም ኮፐር ናይትሬት ትራይሃይድሬት በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟሉ። 1.6 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ይሟሟና እየተማሰለ በጠብታ ይጨመራል። ፒኤቹ 10 እስኪደርስ ጥቂት ተጨማሪ ያስፈልጋል፤ 12 ካለፈ ግን የዚንኩ ዝቃጭ መልሶ መሟሟት ይጀምራል። በአንድ ጊዜ ከተደፋ ቅንጣቶቹ ይጓጉላሉ። ዝቃጩ የማጠቢያው ውሃ ፒኤች 7 አካባቢ እስኪሆን ይታጠባል፣ በ80 ዲግሪ ይደርቃል፣ በፈርነስ (በከፍተኛ ሙቀት ምድጃ) በ450 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ይጋገራል። ከገረጣ ሰማያዊ ወደ ግራጫ መለወጡ መዳቡ ኦክሳይድ መሆኑን ያመለክታል። በስሌት የሚገኘው 1.6 ግራም ገደማ ነው፤ በእጥበት ጥቂቱ ስለሚሄድ ከዚህ ያነሰ ይወጣል። ከ600 ዲግሪ በላይ ከተጋገረ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ወለላቸው ያንሳል። መካከል ላይ መብራት ከጠፋ፣ ሙቀቱ 450 ሲመለስ 2 ሰዓቱን እንደገና መቁጠር ይበጃል፤ አለበለዚያ ያልፈረሰ ናይትሬት ይቀራል።

ለፍተሻ በ100 ሚሊ ሊትር፣ 10 ሚሊግራም በሊትር ሜቲሊን ብሉ ውስጥ 50 ሚሊግራም ዱቄት ይጨመራል። መጀመሪያ 30 ደቂቃ በጨለማ ይማሰላል። ይህ ከተዘለለ ወለሉ ላይ ተጣብቆ የጠፋው ቀለም በብርሃን የፈረሰ መስሎ ይቆጠራል፤ በዚህ ዘርፍ እጅግ አሳሳቹ ስህተት ይኸው ነው። ብርሃን ከበራ በኋላ በየ15 ደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር ይወሰዳል። ናኖ ቅንጣት በተራ የማጣሪያ ወረቀት ስለሚያልፍ ናሙናው በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መለያ) ተለይቶ የሚውጠው ብርሃን በ664 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ይለካል። የመነሻው ንባብ 2 አካባቢ፣ ማለትም ከፍተኛ፣ ስለሚሆን በእጥፍ ማቅጠን ይሻላል። ዱቄት የሌለበት በብርሃን፣ ዱቄት ያለበት በጨለማ የቆዩ ማነጻጸሪያዎችም ግድ ናቸው።

በፀሐይ ለመሥራት የአዲስ አበባ ከፍታ ይጠቅማል፤ ነገር ግን አልትራቫዮሌት ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፣ የክረምት ደመናም ውጤቱን ከቀን ቀን ይለዋውጠዋል። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። የተነነው ውሃ ካልተተካ የማቅለሚያው መጠን ከፍ ብሎ ይነበባል።

ሰማያዊው ጠፋ ማለት ማቅለሚያው ፈረሰ ማለት አይደለም። ሜቲሊን ብሉ ኦክስጅን ሲያጥረው ቀለም አልባ ይሆናል፤ አየር ሲነፋበት ቀለሙ ከተመለሰ አልፈረሰም። ስለዚህ በውሃው የቀረውን ኦርጋኒክ ቁስ የሚያሳየው የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት ወይም ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን መለካት አለበት። እውነተኛው የማቅለሚያ ቤት ፍሳሽ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይከብዳል፦ ሪአክቲቭ ማቅለሚያ (ከጨርቁ ጋር በኬሚካል የሚጣበቅ) ብዙ ጨውና አልካሊ ይዞ ይመጣል፣ በአልካሊው ያለው ካርቦኔት ራዲካሎቹን ይሻማል፣ የደመቀው ቀለምም ብርሃኑን ይጋርዳል። በእኛ ግምት የናኖኮምፖዚቱ ትክክለኛ ቦታ በማዝቀጥ ወይም በባክቴሪያ ከታከመ በኋላ፣ ለቀረው ቀለም ነው።

ዱቄቱን መልሶ ለመሰብሰብ ማግኔት ከሚስበው የብረት ኦክሳይድ ከማግኔታይት ጋር አዋህዶ በማግኔት መሳብ፣ ወይም መስታወት ላይ መለጠፍ ይቻላል። አሲዳማ ውሃ ውስጥ ዚንክ ኦክሳይድ ስለሚሟሟ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ውሃው ውስጥ የቀረው ዚንክና መዳብ በአቶሚክ አብዞርፕሽን (የብረታ ብረትን መጠን በሚለካ መሣሪያ) ይለካል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የመዳብ ወሰን በሊትር 2 ሚሊግራም ነው።