አይኦፕስ ምንድን ነው? ለሰርቨራችሁ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት

«ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ያነባል። የጊጋቢት ኔትወርክ ቢበዛ የሚያሳልፈው 125 ነው። ስለዚህ ለሰርቨር ኤስኤስዲ መግዛት ብር መጣል ነው።»

ይችን ሒሳብ ስንቴ አየኋት! ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወንድማችን እዚሁ ደብረ ብርሃን ለአንድ ክሊኒክ ምክር ብሎ ሰጣት። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ መደምደሚያው ገደል ይገባል።

ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚንቀሳቀስ ማንበቢያ ጭንቅላት አለው፤ ኤስኤስዲ ደግሞ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለው፣ መረጃውን ቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ ነው። ሜጋባይት በሰከንድ የሚነግራችሁ ዲስኩ አንድ ትልቅ ፋይል ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ ስንት እንደሚሄድ ነው። አይኦፕስ ሌላ ጥያቄ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት የተለያየ «አምጣ» እና «አስቀምጥ» ይፈጽማል? እያንዳንዱ ትእዛዝ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ4 ኪሎባይት ይለካል። ሰርቨር የሚውለው ደግሞ በዚህ ነው። የታካሚ ካርድ ክፈት፣ ሎግ ጻፍ፣ ከዳታቤዙ አንድ መስመር አምጣ፣ ከሌላ ጥግ ደግሞ ሌላ መስመር አምጣ፣ እንዲህ እያለ ይመሻል።

ከምንጃር 50 ኩንታል ጤፍ ጭኖ የመጣ አይሱዙ አስቡ። ሁሉንም አንድ መጋዘን ላይ ያራግፍ ከተባለ የሚስተካከለው የለም። አሁን ያንኑ አይሱዙ «ለየቤቱ አንድ አንድ ኪሎ አድርስ» በሉት። አንዱ ቤት ጠባሴ ነው፣ ቀጣዩ ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሦስተኛው ተመልሶ ጠባሴ። መኪናው ያው ነው፣ አሁንም 50 ኩንታል ይችላል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ነዳጅ ሲፈጅ ውሎ ያደረሰው አንድ ኩንታል አይሞላም። ሹፌሩ ብልጥ ከሆነ አድራሻዎቹን በየመንገዳቸው ደርድሮ ትንሽ ይሻሻላል። ሃርድ ዲስክም ይህን ብልሃት ያውቃል፣ ወረፋ የያዙ ትእዛዞችን አቀማመጣቸውን አይቶ ያስተካክላል። ኤስኤስዲ በየሰፈሩ ቆሞ የሚጠብቅ ብዙ ባጃጅ ነው፤ ሁሉም በአንዴ ይነሳሉ። ምሳሌዬ እዚህ ጋ ትሸነፋለች። ባጃጅ 50 ኩንታል አይጭንም፣ ኤስኤስዲ ግን ትልቁንም ጭነት ከሃርድ ዲስክ ቀድሞ ያደርሳል። የሚያስከፍላችሁ በጊጋባይት ዋጋው ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል። አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ነው። የምትፈልጉት ቦታ ጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ 4.2 ገደማ ትጠብቃላችሁ። ጭንቅላቱ ራሱ ወደ ቦታው እስኪሄድ ሌላ 8 ወይም 9 ጨምሩ። በድምሩ ወደ 13 ሚሊሰከንድ፤ ማለትም በሰከንድ 80 ትእዛዝ ገደማ። 80 በ4 ኪሎባይት ሲባዛ 320 ኪሎባይት። 200 ሜጋባይት ያነባል የተባለው ዲስክ! በተለመደው የሳታ ገመድ የሚሰካ ተራ ኤስኤስዲ እንኳ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ትእዛዝ ይፈጽማል። ኔትወርኩ 125 ነው ያልከኝ ወንድሜ፣ ያ ኔትወርክ እጁን አጣጥፎ ዲስኩን እየጠበቀ ነው።

ካላመናችሁኝ «ሰርቨሩ ተጎተተ» ሲባል ኢዮስታት (iostat) የሚባለውን የዲስኩን ሥራ የሚያሳይ የሊኑክስ ትእዛዝ ክፈቱ። ዲስኩ መቶ በመቶ ተወጥሯል ይላችኋል። አጠገቡ ያለውን የማንበብ ፍጥነት ስታዩ ግን በሰከንድ አንድ ሜጋባይት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ካርድ ክፍሏ ልጅ የምትዞረውን ክብ አፍጥጣ ታያለች፣ ታካሚው መስኮቱ ላይ ተደግፏል፣ አንዱ ደግሞ «ራም ጨምሩ» ይላል። ራም ንባቡን በተወሰነ ደረጃ ይሸፍንላችኋል፣ እውነት ነው። ዳታቤዝ ግን «ተመዝግቧል» ከማለቱ በፊት መረጃው ዲስኩ ላይ መድረሱን ይጠብቃል። እዚያ ላይ ራም አያድናችሁም።

«ኤስኤስዲ በመጻፍ ያልቃል» የምትሉም አላችሁ። ያልቃል። የተለመደ የ1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና አለው። በቀን 50 ጊጋባይት ብትጽፉ 12,000 ቀን ነው፣ ከ32 ዓመት በላይ። ዲስኩ በሌላ ምክንያት ቀድሞ ይሞታል።

ይልቅ የሚያስፈራውን ልንገራችሁ። ርካሽ ኤስኤስዲ መጀመሪያ ላይ ይፈጥናል፤ የሚጻፈውን ለጊዜው የሚቀበልባት ፈጣኗ ማረፊያው ስትሞላ ግን መጻፉ ከሃርድ ዲስክም ሊያንስ ይችላል። መብራት ድንገት ሲጠፋ በእጁ ያለውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር (ለአፍታ ኃይል የሚይዝ ክፍል) ያለው ደግሞ የሰርቨር ደረጃው ነው፣ ሱቅ የምታገኙት አብዛኛው የለውም። ሃርድ ዲስክ ስትገዙም ሲኤምአር (መስመሮቹን ሳይደራርብ የሚጽፍ) መሆኑን ጠይቁ፤ ኤስኤምአር የሚባለው መስመሮቹን ስለሚደራርብ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ሲጻፍበት ያስለቅሳል። አንድ የእኛ አገር ጣጣም አለ። የሃርድ ዲስክን ጭንቅላት አንሳፍፎ የሚይዘው አየር ነው፤ ስለዚህ አምራቾች ብዙ ጊዜ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ብለው ይገድባሉ። ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ለምትተክሉት ግን ወረቀቱን አንብቡ። ኤስኤስዲን ይህ አይመለከተውም።

ሃርድ ዲስክ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። የሠርግ ቪዲዮ ለሚያከማች ፎቶ ቤት፣ ለደህንነት ካሜራ ቅጂ፣ ለባክአፕ የዚያ ወንድማችን ሒሳብ ከነመደምደሚያው ይሠራል፤ ጭነቱ ትልቅ ነው፣ አድራሻውም አንድ ነው።

ለዚያ ክሊኒክ እኔ ብሆን ሲስተሙንና ዳታቤዙን 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ፣ የራጅ ምስሎቹንና የማታውን ባክአፕ ሃርድ ዲስክ ላይ አደርጋለሁ። በተረፈው ብር ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው፣ ይገዛ። ካልተረፈ የሃርድ ዲስኩን መጠን ቀንሱና ዩፒኤሱን ግዙ።